የአባ ነገ እርሾ

አባቴ እስከ መጨረሻዋ ትንፋሹ ድረስ በእግዚአብሔር እንደተማመነ ሞተ ይላሉ። ውሸት ነው። እኔ አጠገቡ ነበርኩ።

ታናሽ እህቴ በየጉባኤው እየቆመች ስለ እሱ ስትመሰክርና ሰው ሁሉ «አሜን» ሲል፣ እኔ ከኋላ ተቀምጬ ጥርሴን እነክሳለሁ። እህቴ ዋሾ አይደለችም። ያኔ ሕፃን ስለነበረች የምትናገረው የሰማችውን ነው፤ የሰማችው ደግሞ ከሰፈር ሰው ነው፤ የሰፈር ሰው ደግሞ ለሞተ ሰው ቸር ነው። በሕይወት ሳለ «አባ ነገ» እያሉ ሲስቁበት የኖሩት ሁሉ ዛሬ ስሙ ሲነሳ ዓይናቸው እንባ ያቀራል። እንግዲህ አንድ ሰው እንኳ የሆነውን እንደሆነው ይናገር ብዬ ነው ይሄን የምጽፈው። የሆነው ነገር አያምርም። እኔ ግን አባቴን የምወደው እንዲያ ሆኖ ነው።

አባባ ዳቦ ጋጋሪ ነበር። ዳቦ ቤታችን መንገድ ዳር ያለች ጠባብ ቤት ነበረች፤ ከፊት መሸጫው፣ ከኋላው የእንጨት ምድጃው፣ ከምድጃው ጀርባ ደግሞ እኛ። የመኝታ ክፍላችን አንዱ ግድግዳ የምድጃው ጀርባ ስለነበር ቤቱ ክረምት ከበጋ ይሞቃል፤ እማዬ እርጥብ ልብስ ከግድግዳው አስጠግታ ታደርቅ ነበር፤ እኔና እህቴም ጀርባችንን ለጥፈን እንተኛበት ነበር። ዱቄት ያልገባበት ዕቃ አልነበረንም። ትራስ ሲመቱት ይቦንናል፤ የአባባ ቅንድብ ከወጣትነቱ ጀምሮ ነጭ ነው። ሲያስል ደግሞ ደረቱ ውስጥ አንድ ሰው ጆንያ የሚያራግፍ ይመስል ነበር።

ዳቦ ቤት ሲባል ሰው የሚያስበው ምድጃውን ነው። የአባባ ልብ ግን እርሾው ላይ ነበር። ሱቅ የሚሸጠውን የታሸገ እርሾ «የሰነፍ መድኃኒት» ይለዋል። የሱ አሠራር ሌላ ነው። የቦካውን ሊጥ ከገበቴው ገልብጦ ለዳቦ ከመከፋፈሉ በፊት፣ ከሁሉ አስቀድሞ የጡጫ ያህል ይቆርጣል፤ በአፈር ማሰሮ አድርጎ ከምድጃው ጎን ካለው መደርደሪያ ላይ ያኖረዋል። ያ የነገ ነው። ነገ ዱቄትና ውሃ ይጨመርበትና ሊጡን ሁሉ ያስነሳል፤ ከዚያም እንደገና ለከነገ ወዲያ ይቆረጣል። አባባ እርሾውን የተቀበለው በወጣትነቱ ካሠራው ሽማግሌ ጋጋሪ ነው፤ ሽማግሌው ከማን እንደተቀበለ እግዜር ይወቅ። ሲቆርጥ ሁልጊዜ «የነገውን አንተ ታውቃለህ» ይላል፤ ጮክ ብሎ አይደለም፣ ከአጠገቡ ያለ ሰው ጋር እንደሚነጋገር ሆኖ ነው።

እማዬ ይሄን ነገር አትወደውም ነበር። አማኝ ሳትሆን ቀርታ አይደለም፤ የሷ እምነት ጓዳ ገብቶ የሚቆጥር ዓይነት ነው።

«አባታችን ሆይ የሚለው የዕለት ነው፤ የዕለት!» ትለዋለች። «የነገ ብሎ ሊጥ የሚደብቅ ሰው ደግሞ አምናለሁ ይላል?»

«ሊጥ ነው እንጂ ዱቄት መች ደበቅኩ?» ይላል እሱ። «ዱቄት ካልመጣ ሊጡ ምን ይረባኛል? እርሾ ያስቀመጠ ሰው ዱቄት ይመጣል ብሎ አምኗል ማለት ነው።»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ትልና ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ይሄን ጠብ ሲጣሉ ነው ያደግኩት። ሲጣሉ ደግሞ ያምርባቸው ነበር።

«አባ ነገ» የሚለውን ስም ያወጣችለት ከመንገዱ ማዶ የምትኖረው ልብስ ሰፊ ናት። ባሏ ሞቶባት፣ ልጆቿ ርቀው ብቻዋን የምትኖር፣ ምላሷ ከመቀሷ የሰላ ሴት ነበረች። ዳቦ ልትገዛ መጥታ ካለቀ፣ አባባ «ነገ ይመጣል» ይላታል። ዱቄት ዘገየ ሲሉት «ነገ ይመጣል»። እማዬ የጣሪያው ነገር ምን ይሁን ስትለው «ነገ እግዚአብሔር ያውቃል»። አንድ ቀን ልብስ ሰፊዋ መሸጫው ላይ ተደግፋ «አንተ ሰውዬ፣ ነገ ነገ ስትል የዛሬው አረረብህ እኮ! አባ ነገ!» አለችው። እውነትም ከኋላ ዳቦው እያረረ ነበር። የተሰለፈው ሁሉ ሳቀ፤ እሱም ወደ ምድጃው እየሮጠ ሳቀ፤ ስሙ በዚያው ጸና።

ለሷም እርሾ ሰጥቷታል። ለማን ያልሰጠው አለ? ቤቷ መጋገር የፈለገች ሴት ሁሉ ሳህን ይዛ ትመጣለች፤ እሱ ቆርሶ ይሰጣል። እማዬ «ሰፈሩ ሁሉ ቤቱ ከጋገረ እኛ ዳቦውን ለማን ልንሸጠው ነው?» ትላለች። እሱ ግን መስጠት ብቻ ሳይሆን ያስተምራል። «መንገድ የምትሄጂ ከሆነ፣ ደረቅ ዱቄት ጨምረሽ በእጅሽ እሺው። ፍርፍር ሲል ጥላ ላይ አድርቂና በጨርቅ ቋጥሪው። ዓመት ቢቆይ እንኳ ውሃ ሲነካው ይነሳል።» ይሄን ያልሰማች ሴት አልነበረችም። የራሱን ግን አንድ ቀን አድርቆ አያውቅም። ስጠይቀው «ማድረቅ ለመንገደኛ ነው፤ እኔ የት እሄዳለሁ?» አለኝ። ይቺን መልሱን ያዙልኝ፤ ኋላ እመጣባታለሁ።

ያን ዓመት ክረምቱ ከበደ። ወንዙ ሞልቶ ድልድዩን ይዞት ሄደ። ወፍጮውም፣ የዱቄት መጋዘኑም፣ የእህል ገበያውም ከወንዙ ወዲያ ነው፤ እኛ ወዲህ። በመጀመሪያው ሰሞን ሰው ልጆቹን ይዞ እየሄደ እንደ ትርኢት አየው። «በቅርቡ ይጠገናል» ተባለ። ኃላፊዎች መጥተው ዳር ላይ ቆሙ፣ ወዲያ ወዲህ እየጠቆሙ ተነጋገሩ፣ ጫማቸውን ጭቃ ነክቶት ተመለሱ። ከዚያ በኋላ የመጣ የለም። እግዜር ሲቆጣ በትር አይቆርጥም፣ ያደርጋል እንጂ ነገሩን እንዳይጥም፤ የኛም ነገር ቀስ በቀስ እንዲሁ ጣዕም አጣ። መጀመሪያ ስኳር ጠፋ፣ ቀጥሎ ዘይት፣ ቀጥሎ ዱቄት።

አባባ ዱቄት ካለቀ በኋላም በየማለዳው ሽርጡን አስሮ መሸጫውን ይከፍት ነበር። ከኋላው ባዶ መደርደሪያ፣ ከፊቱ ባዶ ባንኮኒ፣ መሀል እሱ። ሰው በመስኮት ብቅ ብሎ ያየዋል። «ነገ ይመጣል» ይላል። ቀጥሎ እንጨቱም አለቀና ምድጃው በረደ። ያን ለት እንደ ልማዴ ጀርባዬን ግድግዳው ላይ ባስደግፍ ቀዘቀዘኝ። በዕድሜዬ ያ ግድግዳ ቀዝቅዞ አላውቅም ነበር። ሬሳ የነካሁ መስሎኝ ተነስቼ መሀል ቤት ተቀመጥኩ።

የእርሾው ነገር ግን ቀጠለ። እርሾ እንደ ልጅ ነው፣ ካልቀለቡት ይሞታል፤ በየቀኑ ትንሽ ዱቄት ይፈልጋል። አባባ አሮጌዎቹን ጆንያዎች ሁሉ ከጓዳ አወጣና ገልብጦ፣ ንጹሕ አንሶላ ዘርግቶ፣ በዱላ ይወግራቸው ጀመር። ከስፌታቸው ውስጥ፣ ከማዕዘናቸው፣ ግራጫ ዱቄት ከክርና ከአቧራ ጋር ይወርዳል። እሱን በወንፊት ሲነፋው አንድ እፍኝ የሚሆን ይወጣል። እማዬ መጀመሪያ ስታየው ደስ አላት፤ ለልጆቹ አጥሚት ልትሠራ ድስት አነሳች። እሱ ዱቄቱን ማሰሮው ውስጥ ጨመረው።

«ምን አደረግክ?»

«እርሾው እየሞተ ነው።»

«ልጆቼስ?»

«ነገ ዱቄት ሲመጣ በምን አቦካዋለሁ? እርሾ ከሌለ ዱቄት ቢመጣ ምን ዋጋ አለው?»

«ሲመጣ! ሲመጣ!» አለች እማዬ። ድስቱን ወለሉ ላይ አስቀመጠችው፤ ወርውራው ቢሆን ይሻለኝ ነበር። «አንተ ሰውዬ፣ እግዚአብሔርን ነው የምታምነው ወይስ ይቺን ማሰሮ?»

ምድጃው ስለበረደ እርሾው ብርድ እንዳይገባው ካፖርቱን አውልቆ ማሰሮውን ጠቀለለበት። ከዚያን ቀን ጀምሮ አባባ ያለ ካፖርት ወንዙ ዳር እየሄደ የጭነት መኪና ሲጠብቅ ይውላል፤ ሊጡ ካፖርት ለብሶ ቤት ይቀመጣል።

እኔን እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ እዚህ ላይ ነው። ሊያደርቀው ይችል ነበር። ግማሹን ሰፈር ያስተማረ ሰው! አንዴ በደረቅ ዱቄት አሽቶ፣ በጨርቅ ቋጥሮ ቢሰቅለው እርሾው ይተርፍ ነበር፤ የጆንያው ዱቄት ሁሉ ደግሞ ለእኛ አፍ ይሆን ነበር። ይሄን ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ግን ማድረቅ ለመንገደኛ ነው። አደረቀው ማለት፣ ነገ አይጋገርም ብሎ አመነ ማለት ነው፤ ይሄን ከአፉ አውጥቶ መናገር ቀርቶ እጁ እንዲናገርበት እንኳ አልፈቀደም። ኩራት ነበር። እምነት የመሰለ ኩራት ነበር፤ ወይም ኩራት የገባበት እምነት፤ እኔ እስከ ዛሬ መለየት አልቻልኩም።

ትንሿ እህቴ ታመመች። ትኩሳቱ ሲለቃት ረሃቡ ያዛት፤ ከበሽታ የተነሳ ልጅ ረሃብ አይጣል ነው። ያለን የጎመን ውሃ ነበር። አንድ ማንኪያ ትቀምስና ፊቷን ታዞራለች። «ዳቦ» ትላለች። አታለቅስም፤ ልክ ከመደርደሪያው ላይ አንዱን አንሳልኝ እንደምትል «ዳቦ» ብቻ። የጋጋሪ ልጅ ዳቦ ስትል መስማት ምን እንደሚመስል ለማንም አልመኝም። የእማዬ እጅ ከቀን ወደ ቀን ያ ካፖርት ወዳለበት መደርደሪያ ሲሄድና ሲመለስ አያለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አባባ ወንዙ ዳር እንደሄደ አልተመለሰም ነበር። እማዬ ማሰሮውን አወረደች። ካፖርቱን ፈታችው፤ እጥፍጥፍ አድርጋ አልጋው ላይ አኖረችው። ሊጡን ምንም ሳታስቀር አወጣችና በመጥበሻው ላይ ጠፍጥፋ፣ አሮጌ ሳጥን ሰባብራ ባነደደችው እሳት ጋገረችው። ቤቱን የዳቦ ሽታ ሞላው፤ ሽታው ከቤታችን ከጠፋ ቆይቶ ስለነበር እኔ ራሴን አዞረኝ።

ትንሿ በሁለት እጇ ይዛ ትበላለች። ቀና አትልም። ጎምዛዛ ነበር፤ እርሾ ብቻውን ሲጋገር ይጎመዝዛል፤ ግን ማን ልብ ብሎት።

ያኔ ከመንገድ የሩጫ ኮቴ ሰማን። አባባ ነው። ሽታውን ከመንገዱ ጫፍ ሰምቶት እየሮጠ መጣ። እያሳለ፣ ትንፋሽ እያጠረው፣ ፊቱ በደስታ በርቶ በሩን በረገደው።

«መጣ? መጣ አይደል?» አለ። «በየት በኩል አመጡት? እኔ እዚያ ቆሜ...»

መጀመሪያ አልጋው ላይ የታጠፈውን ካፖርት አየ። ቀጥሎ ባዶውን ማሰሮ። ቀጥሎ ልጁን። እማዬ መጥበሻውን እንደያዘች ተነስታ ቆመች፤ ለጠብ ተዘጋጅታለች፤ ለዚህ ጠብ ስንት ቀን ሙሉ ቃላት ስታከማች እንደነበር አውቃለሁ። እሱ ግን አልተጣላም። ባዕድ ሰው ሲበላ እንደሚያዩ ሁሉ ልጅቱን ቆሞ አያት። እሷ ቀና ብላ አየችውና ከእጇ ቁራሽ ዘረጋችለት።

«አባባ፣ እንካ።»

እዚያው በሩ ሥር ቁጭ አለ። «እርቧት ነበር» አለ። አዲስ ወሬ የሰማ ይመስላል። «እርቧት ነበር እኮ።»

«ታዲያ ምን መስሎህ ነበር?» አለች እማዬ። ድምፅዋ ላይ የነበረው ቁጣ መሀል ላይ ተሰበረ።

ከዚያን ቀን በኋላ አባባ ወንዙ ዳር አልሄደም። ሽርጡን አላሰረም፣ መሸጫውን አልከፈተም። የጎመኑን ውሃ ስንቀርብ የሚጸልየው እሱ ነበር፤ አሁን ዝም ብሎ ማንኪያውን ያነሳል፤ እኛ አንገታችንን ደፍተን እንጠብቃለን፣ እሱ ይጠጣል። አንድ ቀን ጎረቤታችን ጫማ ሰፊው በመስኮት አንገቱን አስገብቶ፣ እንደ ቀልድም እንደ ልመናም አድርጎ «አባ ነገ፣ ዱቄቱ መቼ ይመጣል?» አለው። «እኔ ምን አውቃለሁ» አለ አባባ። ጫማ ሰፊው እንደ ተመታ ሰው አንገቱን አወጣ። ሲስቅበት የኖረ ሰው ነው፤ ያን ቃል ሲያጣ ግን ከሁላችንም በላይ የደነገጠው እሱ ነበር።

ሳሉ ባሰ። አልጋ ላይ ዋለ። አጠገቡ ቁጭ ብዬ ሳለ ፊቱን ሳያዞር «ልጄን እያስራብኩ ሊጥ ስቀልብ ከርሜያለሁ» አለኝ። «ያን ደግሞ እምነት እለዋለሁ።»

«ባታስቀምጠው ኖሮ እኮ የምትበላው አይኖርም ነበር» አልኩት። የማጽናኛ ነገር ያገኘሁ መስሎኝ ነበር።

«እኔ ያስቀመጥኩት ለሷ አልነበረም» አለ። ይሄን ብሎ ወደ ግድግዳው ዞረ፤ ወደዚያ ወደ ቀዘቀዘው ግድግዳ።

ያኔ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። አባባ ለሰፈሩ ሁሉ እርሾ ሰጥቷል፤ ከሱ የተቆረሰ ቁራሽ ከአንዱ ቤት አይጠፋም። እሱን ባመጣለት፣ በእጁ ቢይዘው፣ ያ ቃል ይመለስለት ይሆናል። ሌላ የምሰጠው ነገር አልነበረኝም። «ነገ» ሲል አንዴ ብሰማው ብዬ ነው እንጂ ዱቄት ይመጣል ብዬ አይደለም፤ ያን እኔም ትቼዋለሁ።

በየቤቱ ዞርኩ። የጫማ ሰፊው ሚስት በልተነዋል አለችኝ፤ አፍራ ነው የነገረችኝ፣ ምን የሚያሳፍር ነገር አለው? የአስተማሪው ሚስት ማሰሮዋን አሳየችኝ፤ ጥቁር ሻጋታ ለብሶ ሞቷል። አጣቢዋ ሳቀች። «እርሾ? የኔ ልጅ፣ እኛ ገበቴውን አጥበን ጠጥተናል!» አለችኝ። ከቤት ቤት ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነብኝ። ልብስ ሰፊዋን መጨረሻ ያደረግኳት ምላሷን ፈርቼ ነው።

የስፌት መኪናዋ አጠገብ ነበረች። የሚሰፋ ነገር ካጣች ከርማለች፤ ከልማድ የተነሳ ነው እዚያ የምትቀመጠው። የመጣሁበትን ስነግራት የመኪናውን መሳቢያ ሳበች። ከአዝራርና ከክር መሀል የቀይ ጨርቅ ቋጠሮ አወጣች። ፈታችው፤ ውስጡ ደርቆ የተፈረፈረ ሊጥ።

«አንቺ እኮ ታሾፊበት ነበር» አልኳት።

«ባሾፍስ? ማሾፍና አለማመንን ምን አገናኛቸው?» አለች። «ባሌ ሲሞት ሰዉ ሁሉ አይዞሽ፣ አይዞሽ ሲለኝ፣ አባትሽ ዳቦ በራፌ ላይ አስቀምጦ ሄደ። እህል በአፌ አይዞርም ስለው፣ ነገ ትበይዋለሽ አለኝ። በነጋታው በላሁት። እልህ እየያዘኝ በላሁት።»

«አልራበሽም? ይሄ መሳቢያ ውስጥ እያለ?»

«እንዴት አይርበኝ! እፈታዋለሁ፣ አሸተዋለሁ፣ መልሼ እቋጥረዋለሁ። ሲብስብኝ አባትሽን እሰድበውና ዳግም እቋጥረዋለሁ።» ተነሳች። «ነይ፣ እኔው ራሴ እሰጠዋለሁ።»

አባባ መዳፉ ላይ ስታስቀምጥለት ምን እንደሆነ አላወቀም። ከዚያ ወደ አፍንጫው አስጠጋው። ጣቶቹ ቋጠሮውን ሲዳስሱ፣ ለጊዜው የድሮው አባባ የመጣ መሰለኝ።

«የኔ ነው» አለ።

«ያንተ ነው» አለች።

«ማን አስቀምጪ አለሽ?»

«አንተ! ነገ ይመጣል እያልክ ጆሮዬን ያደነቆረው ማነው?»

ቋጠሮውን መለሰላት። «ዋሽቼሽ ነው» አላት። «ብዪው። እኔ የማውቀው ነገር አልነበረም። ዝም ብዬ ነው የምለው የነበረው።»

ልብስ ሰፊዋ «ዋሽተህም እንደሆነ ቃሉ አሁን የኔ ነው» አለችው። «የሰጠኸኝን አትነጥቀኝም።» ቋጠሮውን ትራሱ ላይ ጥላ ወጣች። መንገዱን ስትሻገር ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ ነበር፤ በሩንም አልዘጋችውም።

እሱ ቋጠሮውን ወደ እማዬ ገፋ አደረገው። «በውሃ አፍልተሽ ለትንሿ ስጫት» አለ። እማዬ አነሳችው። እኔ ታፈላዋለች ብዬ ጠበቅኩ፤ የመጀመሪያውን ያለ አንዳች ማመንታት የጋገረች ሴት ናት። እሷ ግን ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ካለው ሚስማር ሰቀለችው።

«እማዬ?»

«ዝም በይ» አለችኝ።

አባባ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። በመጨረሻው ቀን፣ ጠዋት፣ እማዬ ፊቱን በእርጥብ ጨርቅ ስትጠርግለት ዓይኑን ገለጠ። «ዱቄት መጣ?» አለ። ያን ሽታ ሰምቶ የሮጠ ለት ካልሆነ በቀር እሱ ራሱ ሲጠይቅ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው፤ ዕድሜውን ሁሉ የሚጠየቀው እሱ ነበርና።

«አልመጣም» አለች እማዬ።

የሱ ቃል የሚገባበት ቦታ ላይ ደረስን። አፉን አየሁ። ጠበቅኩ፤ በሆዴ እየለመንኩ ጠበቅኩ። አልተናገረም። እማዬ ጨርቁን እንደያዘች፣ በሕይወቷ ብላው የማታውቀውን አለች።

«ነገ ይመጣል።»

አባባ ትክ ብሎ አያት። ፈገግ አለ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ፤ እህቴም ያን ብጽፍላት ትወድ ነበር። ፈገግ አላለም። ፊቱ ላይ ያየሁት ድካም ነበር፤ አዝኖላትም ይመስለኛል።

«አንቺም ጀመርሽ?» አላት።

የመጨረሻ ቃሉ ይሄ ነው። እህቴ በየመድረኩ «ነገ ብሎ ዓይኑን ጨፈነ» ትላለች። ነገ ያለው እሱ አይደለም።

ድልድዩ ተሠራ፤ ከቀበርነው በኋላ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። የዱቄት መኪኖች በራችን ላይ እያጓሩ ሲያልፉ እማዬ መስኮቱን ዘጋችው። ያከራየን ሰው ቤቱን ለሲሚንቶ ማከማቻ ፈለገውና ለቀቅን፤ ምድጃው አሁንም ከሲሚንቶው ጀርባ ቆሞ ይሆናል። በተከራየናት ክፍል ውስጥ እማዬ ያን ቋጠሮ አውርዳ ለብ ባለ ውሃ ነካችው። እኔ አይነሳም ብዬ ነበር። ተነሳ። ለልብስ ሰፊዋ ግማሹን በሳህን ወሰድኩላት፤ ተቀብላኝ ሳታመሰግን በሯን ዘጋች።

ዛሬ የምሠራው በማሽን በሚያቦካ ትልቅ ዳቦ ቤት ነው፤ የሰነፉን መድኃኒት በካርቶን እናወርዳለን። ቤቴ ግን ማሰሮው አለ። እህቴ ጉባኤ ላይ «አባቴ ያወረሰን እምነት» ስትል ይሄን እርሾ ማለቷ ነው፤ እየዞረችም ለሰው ትሰጣለች፤ የሷ እምነት ቀላል ነው፣ ቅናትም ያስይዘኛል። የኔ አይደለም። አባቴ ሳያምን እንደሞተ አውቃለሁ፤ የፈረሰበትንም ሰዓት አይቻለሁ። እማዬንም ጠይቄያታለሁ፤ ያን ለት አምነሽ ነው ወይ ብዬ። «ኧረ ወዲያ!» አለችኝ። «የሰውዬው ቃል ሜዳ ላይ ሲቀር ማየት አቅቶኝ ነው።»

ባለፈው የልብስ ሰፊዋ የልጅ ልጅ ሳህን ይዛ መጣች። ከሊጡ ላይ የቀረኝ የጡጫ ያህል ነበር፤ ለራሴም አይበቃም። ልጅቱን ባዶዋን ልመልሳት አፌን ስከፍት፣ የወጣው ሌላ ነገር ነው። «ለሁለት ቆርሼ እሰጥሻለሁ፤ ነገ ዱቄት ይመጣል» አልኳት። ዱቄት የሚያመጣልኝ ሰው አልነበረም። ደሞዝም ገና ነበር።

እማዬ ጥግ ላይ ተቀምጣ ነበር። አርጅታለች፤ ጆሮዋም ደክሟል። ያን ግን ሰማች። ቀና ብላ ለረጅም ጊዜ አየችኝ።

«አንቺም ጀመርሽ?» አለችኝ።

ሁለታችንም የማን ቃል እንደሆነ እናውቃለን። ልጅቱ ሳህኗን ዘርግታ ትጠብቃለች። ሊጡን ለሁለት ቆረስኩት።